የተመቺው ድርሻ፦ በገበታ ላይ የሚና ጨዋታ ስለ ማጥቃትና ስለ መከላከል ደንብ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲጫወቱት የኖሩት ሰንጠረዥ የጦርነት አምሳል ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች በመጀመሪያ ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በየተራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፈረስ መደቅን ከሚበላበት ስፍራ ከደረሰና ባለቤቱ ሊበላው ከፈቀደ መደቁ ተበላ ነው፤ ዕጣ አይጣልም፤ ተመቺውም «ቆይ፣ ጋሻዬን ላንሣ» ብሎ አይከራከርም። መደቁ የጠፋበት ሰው ቢናደድም ደንቡ በደለኝ አይልም፤ መደቁ እርሱ ራሱ አይደለምና፣ የሚያዝባቸውም ሌሎች ብዙ አሉትና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጨዋታ ግን ሌላ ዐይነት ነው። በገበታ ላይ የሚና ጨዋታ የሚባለው፣ ጥቂት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ሚና ይዘው በቃል የሚጫወቱት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ሆኖ አገሩን፣ መንገዱንና ጠላቱን ይገልጣል፤ የቀሩት «እኔ ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ። ውጤቱ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ዳይስ ይጣላል፤ ዳይሱም እንደተለመደው ባለ 6 ፊት ብቻ ሳይሆን ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ፊት ጭምር ነው። ተጫዋቹ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን ያወጣለት፣ ጠባዩን የፈጠረለት፣ ምናልባትም ዓመት ሙሉ አብሮት የኖረ አንድ ሰው። እንግዲህ ጥያቄው፦ ይህ ሰው ሰይፍ ሲሰነዘርበት ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? እጅግ የታወቁትን ደንቦች ላነበበ ሰው መልሱ «ተቀምጦ ይመለከታል» የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው እላለሁ። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ለማሳየት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የነገሩ ሥር ያለው በፕሩሲያ ጦር ውስጥ ነው። ባሮን ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ በ1812 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለንጉሡ ለፍሪድሪክ ቪልሄልም 3ኛ ያቀረበውን የጦርነት ጨዋታ፣ ልጁ አሻሽሎ ደንቡን በ1824 አሳተመ። ክሪግሽፒል በተባለው በዚህ ጨዋታ መኰንኖች በካርታ ላይ ጦር ያዛሉ፤ ዳኛው ዕጣ ጥሎ የጉዳቱን መጠን ከቁጥር ሰሌዳ ላይ ያነባል። በዚህ ውስጥ የአንድ ወታደር መመከት ስፍራ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። በአንድ ሻለቃ ጦር ላይ መድፍ ሲተኰስ የሚወድቀው ሰው ብዛት የአማካይ ነገር ነው፤ ዕጣውም ያንን አማካይ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። የአዛዡ ብልኀት ጦሩን መድፍ በማያገኘው ስፍራ ማሰለፉ ነው። ጥይቱ ከተተኰሰ በኋላ እርሱ የሚጨምረው የለም። ስለዚህ የተመቺው ዝምታ በክሪግሽፒል ውስጥ ትክክል ነበር።

በ1971 ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በአሜሪካ አገር ቼንሜይል የተባለ የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ደንብ አሳተሙ። በዚህም በብዙኀኑ ውጊያ አንድ የቆርቆሮ ወታደር ለ20 ሰዎች ይቆማል። ነገር ግን መጽሐፉ ከዚህ ሌላ የአንድ ለአንድ ፍልሚያ ክፍል ነበረው። በዚያ ክፍል አጥቂው ሁለት ባለ 6 ፊት ዳይስ ጥሎ፣ በያዘው መሣሪያና ባላጋራው በለበሰው ጥሩር መካከል ከሰሌዳው የሚገኘውን ቁጥር ማግኘት አለበት። ተመቺውም በአንዳንድ ሁኔታ መመከትን ሊመርጥ ይችላል፤ ሲመክት ከአጥቂው ዕጣ 2 ይቀነሳል፤ በለውጡ ግን መልሶ የመምታት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል።

ይህች ትንሽ ደንብ ትኵረት ይገባታል። ሁለት ዳይስ ተጥሎ ሊወጣ የሚችለው መንገድ 36 ነው። 7 እና ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው አጥቂ ከ36ቱ በ21 ይመታል። ሲመከትበት የሚያስፈልገው 9 ይሆንና በ10 ብቻ ይመታል። እንግዲህ መመከት የመመታትን ዕድል ከግማሽ በታች ያወርዳል፤ ዋጋውም የራስን ምት መተው ነው። ተመቺው በሁለት የተለያዩ ነገሮች መካከል ይቆማል፦ ልዳን ወይስ ልምታ? ሁለቱም እንደ ሁኔታው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጥሩ ብቻውን አይወስንለትም። በዚህ ዘርፍ ካነበብኋቸው ደንቦች ሁሉ ከዚህ አጭር አንቀጽ የተሻለ ብዙ አላገኘሁም። የሚያሳዝነው፣ አንቀጹ የተረሳው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ መሆኑ ነው።

በ1974 ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ጨዋታ በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አወጡ፤ የሚና ጨዋታ ለሕትመት የበቃው በዚህ ነው። ውጊያው በቼንሜይል ደንብ እንዲካሄድ ታስቦ ሳለ፣ እንደ አማራጭ የቀረበው ባለ 20 ፊት ዕጣ ዋናው ሆኖ ቀረ። በዚህ አማራጭ ጥሩር ያልለበሰ ሰው ደረጃው 9፣ ሙሉ የብረት ጥሩር ለብሶ ጋሻ የያዘ ሰው ደረጃው 2 ነው። ጀማሪ ተዋጊ የመጀመሪያውን ለመምታት 10፣ ሁለተኛውን ለመምታት 17 እና ከዚያ በላይ መጣል አለበት፤ ማለት ከመቶ 55 እና ከመቶ 20 ነው። ከተመታም አንድ ባለ 6 ፊት ዳይስ ተጥሎ ያ ቁጥር ከሕይወት ነጥቡ ይቀነሳል። ነጥቡ ሲያልቅ ሰውየው ሞተ ማለት ነው። ስለ ተመቺው የተነገረው ይኸው ብቻ ነው፤ ጥሩሩ በአጥቂው ሰሌዳ ላይ አንድ ዓምድ ሆኖ ይቆማል፣ እርሱ ራሱ ግን አንድ ቃል አይናገርም። የቼንሜይል መመከት በዚህ ሰሌዳ ውስጥ የለም።

አርነሰን በኋላ ሲናገር፣ የጥሩር ደረጃና የሕይወት ነጥብ የተባሉትን ሐሳቦች ያገኛቸው ቀድሞ ለብረት ለበስ የጦር መርከቦች ካዘጋጀው ደንብ መሆኑን ገልጧል። ይህ ብዙ ያስረዳል። መርከብ አይመክትም፤ ጐኑን ሰጥቶ ይመታል፤ የብረቱ ውፍረት ጥይቱን ይመልሳል ወይም አይመልስም፤ ብዙ ከተመታ ይሰጥማል። ለመርከብ ይህ ደንብ መልካም ነው። ነገር ግን ለመርከብ የተበጀ ልብስ ለሰው ሲሰፋ፣ ሰውየው እጅና እግር እንዳለው ተረሳ።

በመካከሉ አንድ ነገር ልጨምር። በ1974ቱ ሰሌዳ ጋሻ የሚሰጠው ጥቅም አንድ ደረጃ ነው፤ ማለት ከ20 አንድ፣ ከመቶ 5። በክንዱ ላይ የያዘው ሰፊ ጋሻ ከ20 ምት አንዱን ብቻ ይመልስለታል ማለት ነው። ጋሻና ጦር የክብር ምልክት በሆነበት አገር ያደገ አንባቢ ይህን ሲያይ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ለደንቡ የሚቀርበውን መከራከሪያ ግን ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ ጋይጋክስ ራሱ በ1979 ለዳኞች ባዘጋጀው መጽሐፍ በሰፊው አስረድቶታልና። እርሱ እንደሚለው አንዱ ዙር የአንድ ደቂቃ ውጊያ ነው፤ በዚያ ደቂቃ ብዙ መሰንዘር፣ ብዙ መመከት፣ ብዙ ማፈግፈግ አለ፤ የሚጣለው አንድ ዕጣ የሁሉም ድምር ነው። የሕይወት ነጥብም ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የተዋጊው ልምድ፣ ብልኀትና ዕድል በውስጡ አለ። በርግጥም 4ኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ በ1974ቱ ደንብ በአማካይ 14 የሕይወት ነጥብ አለው፤ እያንዳንዱ ምት ቢበዛ 6 ስለሚቀንስ እርሱን ለመጣል ቢያንስ 3 ምት ያስፈልጋል። የመመከት ችሎታው እንግዲህ በነጥቡ ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው።

ይህ መልስ ብልኅ ነው፤ ነገር ግን አያረካኝም። አንደኛ፣ ነጥቡ የመመከት ችሎታ ከሆነ የደከመው ሰው ጥቂት ዐርፎ ሊመልሰው በተገባ ነበር፤ በዚያው መጽሐፍ ግን በአንድ ቀን ዕረፍት የሚመለሰው 1 ነጥብ ነው፤ ይህም የቁስል አኳኋን ነው እንጂ የድካም አይደለም። ዋናው ግን ይህ አይደለም። የተቀበረ መከላከል ምርጫ አይሆንም። ተጫዋቹ ልምዱን የሚያውቀው ሞቱ በመዘግየቱ ብቻ ነው። የተከላካዩን ብልኀት ደንቡ በእርሱ ስም ይሠራለታል፤ ተጫዋቹም ቍጥር ከመቀነስ ሌላ ሥራ የለውም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ከጓደኞቼ ጋር በምጫወትበት ገበታ አንድ ወዳጃችን የአንድ ሽማግሌ ጋሻ ጃግሬን ሚና 7 ወር ያህል ይዞ ተጫውቷል። አነጋገሩን ሁላችንም እንወደው ነበር። አንድ ማታ በውጊያ መካከል የእርሱ ተራ ገና ስለ ነበር ሻይ ሊቀዳ ወጣ። ሲመለስ ሽማግሌው ሞቶ ጠበቀው፤ ዳኛው ለጠላት ዕጣ ጥሎ 18 ወጣ፤ ጉዳቱም ከቀረው ነጥብ በለጠ። ወዳጃችን አልተቈጣም። ብርጭቆዎቹን አስቀምጦ፣ «እዚህ ብኖር ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው ደንቡን አገላብጦ፣ «ምንም» አለው። መልሱ ትክክል ነበር፤ ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን ያ «ምንም» ከአእምሮዬ አልወጣም።

መድኀኒቱ ግልጥ የሚመስለው ብዙ ነው፦ ለተከላካዩም ዕጣ ይሰጠው። በ1978 ኬኦዝየም ያሳተመው ሩንክዌስት ያደረገው ይህንኑ ነው። ከዋነኞቹ አዘጋጆቹ አንዱ ስቲቭ ፔሪን፣ በ1966 በካሊፎርኒያ የተመሠረተውና የመካከለኛውን ዘመን ፍልሚያ በእውነተኛ ጥሩርና በዘንግ ሰይፍ የሚለማመደው ማኅበር አባል ስለ ነበር፣ ጋሻ ለምን እንደሚያገለግል ክንዱ ያውቃል። በእርሱ ደንብ አጥቂው በመቶኛ በተቈጠረ ችሎታው ዕጣ ይጥላል፤ ምቱ ከተሳካለት ተከላካዩ በመመከት ችሎታው ይጥላል፤ ሁለቱንም ያለፈው ምት የሚያርፍበት የሰውነት ክፍል በዕጣ ይታወቃል፤ በዚያ ክፍል ላይ ያለው ጥሩርም ከጉዳቱ ይቀንሳል። ሲነበብ ደስ ያሰኛል። እግር ተመታ፣ ክንድ ተመታ ሲባል ውጊያው በዐይን ይታያል።

ሒሳቡን ስንሠራ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። ልዩ ልዩ ምቶችን ለጊዜው ትተን፣ ሁለት ጀማሪዎች የማጥቃትም የመመከትም ችሎታቸው ከመቶ 50 ቢሆን፣ ከ4 ምት አንዱ ያልፋል። ሁለቱም በርትተው ችሎታቸው ከመቶ 90 ሲደርስ ግን የሚያልፈው ከመቶ 9 ብቻ ነው፤ ከ11 አንድ ገደማ። እንግዲህ ተዋጊዎቹ በበረቱ ቍጥር ፍልሚያው የሚረዝምና የሚሰለች ይሆናል፤ ሁለት ታላላቅ ጀግኖች ሲገናኙ ገበታው ላይ የሚሰማው የዳይስ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚህ የሚያወጣቸው ጥሩሩን አልፎ የሚሄደው ልዩ ምት ነው፤ እርሱም ዕድል ነው። በጥሩሩም በኩል እንዲሁ ችግር አለ። ከ1 እስከ 8 የሚጐዳ ሰይፍ 5 የሚቀንስ ጥሩር ሲገጥመው፣ ከጉዳቱ አማካይ 4.5 ውስጥ የሚያልፈው 0.75 ብቻ ነው። ከ1 እስከ 4 የሚጐዳ ጩቤ ቢሆን ፈጽሞ አያልፍም። በቀድሞው ደንብ ጩቤ የያዘ ሰው ከ20 በ4 ተስፋ ነበረው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ማንም ብዙ ያላነሣው ነው። በሩንክዌስት አንድ ሰው በአንድ ዙር መምታትም መመከትም ይችላል፤ ለመመከት ብሎ የሚተወው ምት የለም። ታዲያ የማይመክት ማን ነው? ሁሉም ሁልጊዜ ይመክታል። ተከላካዩ እጁ ዳይስ ይዟል፤ ልቡ ግን የሚወስነው ነገር አላገኘም። የ1974ቱ ደንብ ዝም ያሰኘውን ሰው የ1978ቱ ደንብ ዕጣ ጣይ አደረገው እንጂ አላናገረውም። ዕጣን ማን ይጣል የሚለውና ማን ይወስን የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ብዙ የደንብ ጸሐፊዎች ግን አንዱን ለሌላው ያስተላልፋሉ።

የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በኋላ የመጡ እትሞች በአጭሩ ልለፋቸው። በ2000 የወጣው 3ኛ እትም የጥሩር ደረጃን ገልብጦ ከፍ ያለው ቍጥር የተሻለው እንዲሆን አደረገ፤ ሒሳቡ ቀለለ፤ የተመቺው ሁኔታ ግን እምብዛም አልተለወጠም። በ2014ቱ 5ኛ እትም ውስጥ ግን አንድ ተዋጊ በተራው ማጥቃቱን ትቶ መሸሸግን ሊመርጥ ይችላል፤ እንዲህ ሲያደርግ አጥቂዎቹ ሁለት ዳይስ ጥለው ዝቅተኛውን ይወስዳሉ። እዚህ ዋጋ ያለው ምርጫ አለ። ታዲያ ተጫዋቾች ለምን እምብዛም አይመርጡትም? መልሱ በቍጥሩ ውስጥ ነው። ሁለት እኩያዎች እያንዳንዳቸው ከመቶ 55 የመምታት ዕድል ካላቸው፣ የሚሸሸገው የባላጋራውን ዕድል ወደ 30 ያወርዳል። 25 አዳነ፤ የራሱን 55 ግን አጣ። ለአንድ ባላጋራ ይህ ኪሳራ ነው። በጠባብ በር ላይ ቆሞ 3 ጠላት ለሚያግድ ሰው ግን 75 አድኖ 55 ያጣል፤ ከኋላው ጓደኞቹ ቀስት የሚወረውሩለት ከሆነ ደግሞ ትርፉ ይበዛል። ደንቡ እንግዲህ መልካም የሚሆነው ስፍራው ሲመቸው ነው፤ ዳኛው ሜዳ ብቻ ከሰጠ ምርጫው የሞተ ነው።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየ መንገድ የያዘው የክሪስ ማክዳዋል ኢንቱ ዘ ኦድ ነው፤ ይህም በ2014 ወጣ። በእርሱ ዘንድ የመምታት ዕጣ የለም፤ የሰነዘረ ሁሉ ይመታል፤ ከጉዳቱ ጥሩር ይቀነስና የቀረው በመጀመሪያ ከተመቺው የመሸሽ ነጥብ ላይ ይወርዳል፤ ያ ሲያልቅ ሥጋው ይነካል። ይህ ነጥብ ጥቂት ደቂቃ ዐርፎ ውኃ ለጠጣ ሰው ይመለሳል። ከላይ በጋይጋክስ ላይ ያቀረብሁት የመጀመሪያ ነቀፌታ እዚህ ላይ መልስ አግኝቷል። ተመቺው ግን አሁንም ዝም ብሏል፤ ልዩነቱ ደንቡ ይህን አለመደበቁ ነው። ሰይፍ ከተመዘዘ ሁሉም እንደሚቈስል የሚያውቅ ተጫዋች ውሳኔውን ከውጊያው በፊት ያደርጋል፦ እንግባ ወይስ እንሽሽ? ይህ የአዛዡ ውሳኔ ነው፤ ከክሪግሽፒል ጋር ይዛመዳል። እኔ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ሰይፉ ከራሱ በላይ ለተነሣበት ሰው የሚለው የለውም።

እኛ በገበታችን የሞከርነው በተጫዋቾች ዘንድ በሰፊው የታወቀ አንድ ትንሽ ደንብ ነው። ተጫዋቹ ከተመታና የጉዳቱ ቍጥር ከታወቀ በኋላ፣ ጋሻ ከያዘ «ጋሻዬ ተሰበረ» ሊል ይችላል። ይህን ካለ ጉዳቱ ሁሉ ይቀራል፤ ጋሻውም ይጠፋል። ዕጣ የለበትም፤ ሰሌዳም አያስፈልገውም። በአንድ ዐረፍተ ነገር የተጻፈው ይህ ደንብ፣ ከ20 አንድ ብቻ ይጠቅም የነበረውን ጋሻ ሁሉም የሚሳሳለት ዕቃ አደረገው። 3 ነጥብ ሲጐዳ ይሰበር ወይስ ለሚመጣው ይቈይ? ጉዳቱ ታውቋል፤ የሚመጣው ግን አልታወቀም፤ ስለዚህ ቍጥር ብቻውን መልስ አይሰጥም። ሻይ ሊቀዳ ወጥቶ የነበረው ወዳጃችን በአዲሱ ሰው ሲጫወት በሁለተኛው ዙር በ4 ነጥብ ደንግጦ ጋሻውን ሰበረ፤ በአምስተኛው ዙር 6 ሲመጣበት ራሱን ያዘ። ሰውየው ያን ማታ ሞተ። ወዳጃችን ግን ወደ ቤት እስኪሄድ ድረስ ያችን የሁለተኛ ዙር ውሳኔውን ሲያነሣና ሲጥል አመሸ፤ ማንም ሻይ ሊቀዳ አልተነሣም።

እንከን የለበትም አልልም። በሦስተኛው ሳምንት ሌላው ጓደኛችን ጋሻ ርካሽ መሆኑን አይቶ 6 ጋሻ ገዛ፤ የሚሸከምለትም አሽከር ቀጠረ። በየዙሩ አንዱ ይሰበራል፣ አሽከሩ ሌላ ያቀብለዋል። ሳቅነው፤ ግን ምርጫው በዚያው ሞቶ ነበር፤ ምክንያቱም የሚሰበረው ነገር ዋጋ አጣ። ከዚያ በኋላ ጋሻ የተሰበረበት ሰው አዲስ ለማንሣት አንድ ሙሉ ዙር ማጥቃቱን መተው አለበት ብለን ወሰንን፤ ይህም ሳይታሰብ ወደ 1971ዱ የቼንሜይል አንቀጽ መለሰን። አሽከሩ አሁንም አለ። ጋሻ ማቀበሉን ትቶ ፋኖስ ይይዛል፤ ጦር የሚወረውር ጠላት ሲመጣ ግን ስለ እርሱ ማን እንደሚመክት ገና አልተስማማንም።